አርባ አንድ ቃላት፣ ስድስት ግሶች፦ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሲፈታ

ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ሲጽፍ ማየት ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ነገር ሊሆንባቸው ይችላል። የቋንቋ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼም «ከማሳችን ውጣ» ቢሉኝ አልፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ ወደዚህ ርእስ የገፋኝ አንድ የፈተና ወረቀት ስለሆነ ነገሩን ከዚያው መጀመር ይሻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ባዘጋጀሁት የአጋማሽ ፈተና ውስጥ አንድ ረዥም ዓረፍተ ነገር አስቀምጬ ከሥሩ ሁለት ጥያቄዎች ጠየቅሁ። የገደሉ ከፍታ 15 ሜትር፣ ድንጋዩ ወደ ላይ የተወረወረበት ፍጥነት በሰኮንድ 10 ሜትር፣ የመሬት ስበት አክሰለሬሽንም 10 ሜትር በሰኮንድ ስኩዌር ነው ተብሎ ተሰጥቷል። ድንጋዩ መሬት ለመድረስ ስንት ሰኮንድ ይፈጅበታል? ከፍተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስስ አክሰለሬሽኑ ስንት ነው? በመልመጃ ክፍለ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ አንድ ተማሪ ለመጀመሪያው ጥያቄ «1 ሰኮንድ» ብሎ ጽፎ ሁለተኛውን ባዶ ተወው። ወረቀቱን ሊያይ ወደ ቢሮዬ በመጣ ጊዜ ጥያቄውን በአማርኛ ነገርሁት። በቁራጭ ወረቀት ላይ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሠርቶ 3 ሰኮንድ አመጣ፤ ሁለተኛውንም ያለ አንዳች ማመንታት መለሰ። ከዚያም «ዶክተር፣ የጠየቁን ይህን ከሆነ እኮ አውቀው ነበር» አለኝ። ውጤቱን ልለውጥለት አልቻልሁም፤ ሌሎቹም የተፈተኑት በዚያው ወረቀት ነውና። የዚያ ሴሚስተር ነጥብ የትምህርት ክፍል ምደባን የሚወስን ስለነበር ልጁ የፈለገውን ክፍል በጥቂት ነጥብ ሳያገኝ ቀረ።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ ይህ ነበር። በመጽሔታችን ፊደል ብጽፈውም አንባቢው በደብተሩ ላይ በላቲን ፊደል ገልብጦ እየተከተለ ቢያነበው ይጠቀማል።

«ዘ ታይም ዛት ኤ ስቶን ስሮውን አፕዋርድ ፍሮም ዚ ኤጅ ኦፍ ኤ ክሊፍ ቴክስ ቱ ሪች ዘ ግራውንድ ዲፔንድስ ኦን ሃው ፋስት ኢት ዎዝ ስሮውን፣ ኦልዞው ዚ አክሰለሬሽን ኢት ኤክስፒሪየንስስ፣ ኢፍ ኤር ሪዚስታንስ ኢዝ ኔግሌክትድ፣ ሪሜይንስ ዘ ሴም ስሩአውት ኢትስ ፍላይት።»

አርባ አንድ ቃላት ናቸው። ከእነርሱ መካከል አንድም ተማሪው የማያውቀው ቃል አልነበረም፤ ይህን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ችግሩ የመዝገበ ቃላት አይደለም፤ ቃላቱ እርስ በርሳቸው የታሰሩበት ሥርዓት ነው።

እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ለመፍታት መነሻው ሙሉ ግሶችን መቁጠር ነው። ሙሉ ግስ የምለው የራሱ ባለቤት ያለውን፣ ጊዜንም የሚያመለክተውን ግስ ነው። በእንግሊዝኛ ሙሉ ግስ ባለበት ሁሉ አንድ ክሎዝ አለ፤ ስለሆነም የሙሉ ግሶቹ ቁጥር የክሎዞቹ ቁጥር ነው። ረዳት ግስ ያለበት ጥንድ እንደ አንድ ይቆጠራል። በዓረፍተ ነገራችን ውስጥ «ቴክስ»፣ «ዲፔንድስ»፣ «ዎዝ ስሮውን»፣ «ኤክስፒሪየንስስ»፣ «ኢዝ ኔግሌክትድ» እና «ሪሜይንስ» ይገኛሉ። ስድስት ናቸው። ከስድስቱ አንዱ ብቻ የዋናው ክሎዝ ግስ፣ በእኛ ሰዋስው አነጋገር ማሰሪያ አንቀጹ ሲሆን አምስቱ የጥገኛ ክሎዞች ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢው «ስቶን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው «ስሮውን» ለምን አልተቆጠረም ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ተማሪ የወደቀውም በዚህ ጉድጓድ ነው። ያ ቃል ግስ መስሎ የቆመ ቅጽል ነው። «የተወረወረ» ማለት እንጂ «ወረወረ» ወይም «ተወረወረ» ማለት አይደለም። መለያው ቀላል ነው፤ ከፊቱ «ዊች ዎዝ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ማስገባት ከተቻለና ትርጉሙ ካልተናጋ ቃሉ ቅጽል ነው። «ኤ ስቶን ዊች ዎዝ ስሮውን አፕዋርድ» ማለት ይቻላል። «ኤ ስቶን ዊች ዎዝ ቴክስ» ግን አይባልም፤ ስለዚህ «ቴክስ» እውነተኛ ግስ ነው።

እንዲያውም ተማሪዎቼ በ«ስሮውን» ዕድለኞች ነበሩ ማለት ይቻላል። ይህ ግስ ለኃላፊ ጊዜ «ስሩ»፣ ለቅጽልነት «ስሮውን» የሚሉ ሁለት የተለያዩ መልኮች አሉት። አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ግሶች ግን ይህ ልዩነት የላቸውም። «ኤ ስቶን ድሮፕድ ፍሮም ኤ ክሊፍ ፎልስ ፍሪሊ» በሚለው ውስጥ «ድሮፕድ» በመልኩ ብቻ ከታየ ኃላፊ ግስም ቅጽልም ሊሆን ይችላል። የሚፈርደው በኋላ የሚመጣው «ፎልስ» ነው። አንባቢው ማሰሪያውን ሳያገኝ «ድሮፕድ» ላይ ቆሞ «ድንጋይ ወደቀ» ብሎ ከወሰነ የቀረው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይበተንበታል። «አቴችድ»፣ «አፕላይድ»፣ «ሰስፔንድድ»፣ «ቻርጅድ» የሚሉት የፊዚክስ መጻሕፍት የዘወትር ቃላት ሁሉ የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

ግሶቹ ከተለዩ በኋላ ለእያንዳንዱ ባለቤቱን እንፈልጋለን። ግሱን ይዞ «ምን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «ዲፔንድስ»፦ የሚወሰነው ምንድን ነው? ወደ ኋላ ሲታይ ከጎኑ ያለው ስም «ግራውንድ»፣ መሬት ነው። ግን መሬት በፍጥነት አይወሰንም። «ክሊፍ»ም፣ «ስቶን»ም አይሆንም። መልሱ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ያለው «ታይም» ነው። በባለቤቱና በግሱ መካከል 16 ቃላት ገብተዋል። አምስተኛ ክፍል ከተማርነው «ባለቤትና ግስ ጎን ለጎን ናቸው» ከሚለው ልማድ ይህ ምን ያህል እንደራቀ ልብ ይሏል።

የሥነ ልቦና ሊቁ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ሰው በአጭር ጊዜ ትውስታው በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው የነገሮች ብዛት ሰባት ያህል መሆኑን አመልክቷል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ቁጥሩን ወደ አራት ዝቅ አድርገውታል። ታዲያ 16 ቃላት እንዴት ይያዛሉ? ቃል በቃል ከሆነ አይያዙም። የለመደ አንባቢ የሚይዛቸው እንደ ነዶ አስሮ ነው፤ «ከገደል አፋፍ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ» አንድ ነዶ፣ «መሬት ለመድረስ የሚወስደው» ሌላ ነዶ። ያልለመደው ግን ቃሉን አንድ በአንድ ሲለቅም «ግራውንድ» ላይ ሲደርስ «ታይም» ከእጁ አምልጧል።

ለእኛ ይህ ለምን እንደሚከብድ ማሰብ ይገባል። አማርኛ ገላጩን ከፊት አስቀድሞ ስሙን ያስከትላል። «ከገደል አፋፍ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ መሬት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ» ስንል መግለጫው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው «ጊዜ» የሚመጣው። ስሙ ሲገለጥ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ የቀረው ወደ ማሰሪያው መሄድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ስሙን በግንባር አቁሞ መግለጫውን ከኋላው ይጎትታል። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ የሆነ ተማሪ ስሙን እንዳየ ግሱን ይጠብቃል፤ የሚመጣለት ግን መግለጫ ነው።

ነገር ግን ይህ ሥርዓት ለአገራችን ሰው ሁሉ እንግዳ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ግዕዝ የተማረ ሰው «ብእሲ ዘመጽአ» ሲል ሰውየውን አስቀድሞ «የመጣ» የሚለውን ያስከትላል፤ «ዘ» በዚህ ቦታ የሚሠራው ሥራ የእንግሊዝኛው «ዛት» የሚሠራውን ነው። በአፋን ኦሮሞም ስሙ ቀድሞ ገላጩ ክሎዝ ይከተላል። በዚህ ነጥብ ላይ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣው ተማሪ ወይም አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት ተማሪ አማርኛን ብቻ ከሚያውቀው ጓደኛው አንድ እርምጃ ቀድሞ ይቆማል። መምህራን ይህን ሀብት በክፍል ውስጥ ሲጠቀሙበት ብዙም አላየሁም።

ወደ ተማሪው ወረቀት እንመለስ። «1 ሰኮንድ» ከየት መጣ? «ዘ ታይም ዛት ኤ ስቶን ስሮውን አፕዋርድ» የሚለውን «ድንጋይ ወደ ላይ በተወረወረ ጊዜ» ብሎ አንብቦታል። «ስሮውን»ን ሙሉ ግስ አደረገው፤ «ዛት»ን ደግሞ «በ...ጊዜ» አደረገው። ስለዚህ የፈለገው ወደ ላይ የሚወጣበትን ጊዜ ነው፤ 10ን ለ10 ሲያካፍል 1 ሰኮንድ አገኘ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የመለሰው ግን ያልተጠየቀውን ነው። በትክክለኛው ንባብ «ዛት» የ«ቴክስ» ተሳቢ ሆኖ «ታይም»ን የሚወክል ነው፤ ድንጋዩ የሚወስደው ምንድን ነው ቢባል ጊዜ ነውና። እናም ድንጋዩ በ1 ሰኮንድ ከገደሉ አፋፍ 5 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ 20 ሜትር ለመውረድ 2 ሰኮንድ ይፈጅበታል፤ በድምሩ 3።

በነገራችን ላይ ሁለተኛውን ጥያቄ «ዜሮ» ብለው የመለሱ ሌሎች ተማሪዎች ነበሩ። የእነርሱን ስሕተት በእንግሊዝኛ ላይ ማሳበብ አይቻልም። ከፍተኛው ነጥብ ላይ ዜሮ የሚሆነው ፍጥነቱ ነው፤ ስበቱ ለአፍታም ስለማያርፍ አክሰለሬሽኑ ያው 10 ነው። ያ የፊዚክስ ስሕተት ስለሆነ ለሌላ ዕትም ይቆይ።

አሁን «ዲፔንድስ» የሚጠይቀውን እንመልከት። ይህ ግስ «ኦን»ን ይዞ ካልመጣ ጎዶሎ ነው። ከ«ኦን» በኋላ ስም ይጠበቃል፤ የመጣው ግን «ሃው ፋስት ኢት ዎዝ ስሮውን» የሚል ሙሉ ክሎዝ ነው። ይህ የስም ክሎዝ ይባላል፤ በስም ወንበር ላይ የተቀመጠ ክሎዝ ነው። በምትኩ «ስፒድ» የሚል አንድ ቃል ቢቀመጥ ዓረፍተ ነገሩ ይቆማል፤ ይህም ጥሩ መፈተኛ ነው። እንግዲህ ዋናው ክሎዝ ተገፎ ሲታይ «ጊዜው በፍጥነቱ ይወሰናል» ከማለት አይበልጥም። የሒሳብ ተማሪ ይህን ሲያይ ፈንክሽን መሆኑን ወዲያው መገንዘብ አለበት፤ የ«ዲፔንድስ» ባለቤት ጥገኛው ተለዋዋጭ፣ ከ«ኦን» በኋላ ያለው ነጻው ተለዋዋጭ ነው። በምሳሌያችን ፍጥነቱ በሰኮንድ 10 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 20 ሜትር ቢሆን ጊዜው 4.65 ሰኮንድ ገደማ ይሆናል፤ በእጥፍ አላደገም፤ ግን አድጓል። «ዲፔንድስ» ያለው ይህንኑ እንጂ ተመጣጣኝነትን አይደለም።

ከ«ኦልዞው» በኋላ ያለው ክፍል አጠር ቢልም ሦስት ክሎዞች የታጨቁበት ነው። «ኦልዞው» ጥገኛ ክሎዝ የሚከፍት መስተጻምር ሲሆን በእኛ «ቢሆንም»፣ «ምንም እንኳ» የምንለው ነው። ባለቤቱ «አክሰለሬሽን»፣ ግሱ «ሪሜይንስ» ናቸው፤ መካከላቸው ሰባት ቃላት ገብተዋል። ከሰባቱ ሁለቱ፣ «ኢት ኤክስፒሪየንስስ»፣ ገላጭ ክሎዝ ናቸው፤ ግን «ዛት» የት አለ? ተዘሏል። እንግሊዝኛ ይህ ቃል የገላጩ ክሎዝ ተሳቢ በሆነ ጊዜ እንዲዘለል ይፈቅዳል፤ ባለቤት በሆነ ጊዜ ግን አይፈቅድም። ስለሆነም አንድ ስም አልቆ ወዲያው ሌላ ባለቤት ያለ አገናኝ ሲመጣ፣ «ዚ አክሰለሬሽን ኢት» እንደሚለው፣ መካከሉ ላይ የጠፋ «ዛት» እንዳለ መጠርጠር ይገባል። እኔ በተማሪነቴ እንዲህ ባለው ቦታ በእርሳስ «ዛት» ብዬ ጣልቃ እጽፍ ነበር፤ አሁንም ለተማሪዎቼ ይህንኑ እመክራለሁ።

«ኢፍ ኤር ሪዚስታንስ ኢዝ ኔግሌክትድ» የሚለው በሁለት ነጠላ ሰረዞች መካከል የተሸጎጠ የሁኔታ ክሎዝ ነው። ጥያቄው የየትኛው ግስ ጥገኛ ነው የሚለው ነው። የተሸጎጠው በ«ኦልዞው» ክሎዝ ውስጥ ስለሆነ የሚገዛው «ሪሜይንስ»ን ነው፤ «ዲፔንድስ»ን አይደለም። ይህ የፊዚክስ ፋይዳ አለው። የአየር ሰበቃ ኖረም አልኖረም ጊዜው በመወርወሪያው ፍጥነት ይወሰናል፤ አክሰለሬሽኑ አለመለወጡ ግን ሰበቃው ቸል ሲባል ብቻ እውነት ነው። ክሎዙን ከተሳሳተ ግስ ጋር ያሰረ አንባቢ ሕጉ የሚሠራበትን ወሰን ተሳሳተ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በቃል ከመግለጽ በሥዕል ማሳየት ይቀላል። በአሜሪካ ብሩክሊን ያስተምሩ የነበሩት አሎንዞ ሪድ እና ብሬነርድ ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተሙት የሰዋስው መጽሐፍ ዓረፍተ ነገርን በመስመር የመሣል ዘዴ አስፋፍተዋል። አግዳሚ መስመር ይሰመርና አንዲት ቀጥ ያለች አጭር መስመር ታቋርጠዋለች፤ በግራዋ ባለቤቱ፣ በቀኟ ግሱ ይጻፋል። ገላጮች ከሥር በዘመም መስመሮች ይንጠለጠላሉ፤ ጥገኛ ክሎዝ የራሱ አግዳሚ መስመር ኖሮት በነጠብጣብ መስመር ከሚገልጸው ቃል ጋር ይያያዛል። በዓረፍተ ነገራችን ላይ ብንሞክረው በላይኛው መስመር «ታይም» እና «ዲፔንድስ» ብቻ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አሥራ ስድስቱ ቃላት ከ«ታይም» ሥር ይወርዳሉ። በአንድ አካል ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ለይቶ መሣል የለመደ የፊዚክስ ተማሪ ይህን ዘዴ በአንድ ከሰዓት ሊለምደው ይችላል። ዘመናዊ የቋንቋ ሊቃውንት ከዚህ ይልቅ የዛፍ ቅርጽ ያለውን ሥዕል ይመርጣሉ፤ ለእኛ ዓላማ ግን አሮጌው ይበቃል ባይ ነኝ።

ነገሩን እንደ መምህር ብቻ እየተናገርሁ እንዳይመስል የራሴንም ልጨምር። በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ እሠራበት የነበረው ቤተ ሙከራ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቫልቭ ያላቸው ሁለት የቫክዩም ክፍሎች ነበሩት። አንድ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ የተተወልኝ ማስታወሻ «ክሎዝ ዘ ቫልቭ ኦፍ ዘ ቻምበር ዛት ዎዝ ኦፕንድ ፈርስት» ይላል። መጀመሪያ የተከፈተው ቫልቩ ነው ወይስ ክፍሉ? እኔ ቫልቩ ነው ብዬ አነበብሁ፤ ጸሐፊው ያሰበው ክፍሉን ነበር። የተሳሳተውን ዘግቼ ስለሄድሁ ሌሊቱን አየር ገባና የአንድ ሳምንት የፓምፕ ሥራ ከንቱ ሆነ። ጥፋቱን በእንግሊዝኛዬ ላይ ለማላከክ ስዘጋጅ ማስታወሻውን ለአንድ የአገሩ ተወላጅ ባልደረባዬ አሳየሁት፤ እርሱም ለረዥም ጊዜ ተመልክቶት ሊወስን አልቻለም። ዓረፍተ ነገሩ በእውነት ሁለት ትርጉም ነበረው። በአማርኛ ቢሆን አንዲት «የ» ትለየው ነበር፤ «መጀመሪያ የተከፈተውን ክፍል ቫልቭ» ብንል ክፍሉ፣ «መጀመሪያ የተከፈተውን የክፍሉን ቫልቭ» ብንል ቫልቩ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የቀረው አከራካሪው ጉዳይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎ ደንግጓል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ በአንድ ክረምት ልዩነት ባዮሎጂውንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። ታዲያ ፈተና አውጪው ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር የለበትምን? አለበት እላለሁ። ያንን አርባ አንድ ቃል በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ከፍዬ ብጽፈው የፊዚክስ ዕውቀቱን መመዘን እችል ነበር፤ እኔ ግን ሳላስበው የመዘንሁት ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ፈተና ሳዘጋጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሁለት በላይ ሙሉ ግስ እንዳይኖር እቆጥራለሁ። መማሪያ መጻሕፍቱን ግን ማንም አያሳጥርልንም፤ የምርምር ጽሑፎቹማ ከዚህም የረዘሙ ናቸው። ስለዚህ ፈተናው ቢያጥርም ተማሪው መፍታትን ከመማር አይድንም። ያ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቢሮዬ ሲመጣ የፊዚክስ መጽሐፉን ይዞ ነበር፤ ገጾቹ ላይ ሙሉ ግሶቹ በቀይ እስክርቢቶ ተከብበው አየሁ።

ለልምምድ እንዲሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ልተው፦ «ዘ ከረንት ዛት ፍሎውስ ስሩ ኤ ዋየር ሁዝ ሪዚስታንስ ደዝ ኖት ቼንጅ ደብልስ ዌን ዘ ቮልቴጅ አፕላይድ አክሮስ ኢት ኢዝ ደብልድ።» ሙሉ ግሶቹ አራት ናቸው። «አፕላይድ» ከእነርሱ አንዱ አይደለም። ሁለት ሙሉ ግሶች ያለ ነጠላ ሰረዝ ጎን ለጎን የቆሙበት ቦታ አለ፤ አንደኛው የሬዚስታንሱ ነው፣ ሁለተኛው የማን እንደሆነ ፈልጉ። «ኢት» የሚለው ተውላጠ ስም ከረንቱን፣ ሽቦውን ወይስ ቮልቴጁን እንደሚተካም በቃል ከመገመት ይልቅ ሥዕሉን ሠርታችሁ አረጋግጡ።